መልስ፦ አንቺሆዬ ቅኝት በጊታር ዲስቶርሽን (ድምፅ ማሻከሪያ) ሲመታ ለምን ለዛው ይጠፋል?

ወንድሜ፣ «አንቺሆዬን እንደ ሄቪ ሜታሉ ባንድ ብላክ ሳባዝ ከበድ አድርገን ስንጫወት ለዛው ይጠፋል፤ ፒያሳ ያለችው መለማመጃችን ስለጠበበች ነው?» ላልከው፣ በክፍሏ አትፍረድ። ችግሩ ፓወር ኮርዱ ነው።

አንቺሆዬ ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ፓወር ኮርድ ደግሞ መነሻው ኖታና በተለመደው የምዕራባውያን ስኬል አምስተኛው አብረው ሲመቱ ስለሆነ ሲ ላይ ስትይዘው ጂ ይገባብሃል። ጂ ቅኝቱ ውስጥ የለችም፤ ዲስቶርሽኑ ደግሞ ጭራሽ ያጎላታል። ቅኝቱን ሳትለቅ ፓወር ኮርድ የምትይዘው ኤፍና ጂ ፍላት ላይ ብቻ ነው። ሲ ላይ ኦክታቭ (ያው ሲ፣ ወፍራሙና ቀጭኑ አንድ ላይ) ያዝ፦ የኤ ክር 3ኛ ፍሬት፣ የጂ ክር 5ኛ ፍሬት፤ መሃል ያለውን የዲ ክር በጣትህ ነካ አድርገህ ዝም አሰኘው።

ከዚያ ወደ ጂ ፍላት ሂድ። ብላክ ሳባዝ እ.ኤ.አ. በ1970 በራሱ ስም በሰየመው ዘፈን ሄቪ ሜታልን የቀረፀበት ርቀት እኮ ይኸው ከሲ እስከ ጂ ፍላት ያለው ነው፤ እነሱ ከጂ ተነሱ እንጂ። እነሱ ለማስፈራሪያ ያመጡትን እኛ በማሲንቆ ስንሰማው ኖረናል!

የባንዱ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ፋብሪካ ውስጥ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ አጥቶ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ክሮቹ እንዲላሉለት የጊታሩን ክሮች 3 ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) አወረደ። እናንተ በ0.009 ኢንች ክር ያንን ከሞከራችሁ ከልክ በላይ ይላላል፣ ጠንከር ብሎ ሲመታም ኖታው ወደ ላይ ይሸሻል። 0.011 ግዙ። ጌኑ (የዲስቶርሽኑ መጠን) ከግማሽ አይለፍ፤ ሚዱን (መካከለኛውን ድምፅ) ግን እንዳትቀንሱት፣ የቅኝቱ ለዛ እዚያ ነው ያለው።