መልስ፦ ከሮም ወደ ቺቪታቬኪያ ወደብ በሻንጣ

እህቴ፣ ከእናትሽ ጋር አራት ሻንጣ ይዘን ከሮም ወደ መርከቡ በምን እንሂድ ላልሽው፣ እኔ ባቡር እላለሁ። ታክሲ ኪስ ያራቁታል፤ መንገዱ 70 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ከተርሚኒ፣ ከሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ በክልል ባቡር 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይወስዳል። ችግሩ ተርሚኒ ውስጥ ያለው እግር ጉዞ ነው። የቺቪታቬኪያ ባቡር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከ25 በላይ ቁጥር ካላቸው መስመሮች ነው፤ ከዋናው አዳራሽ ይርቃሉ። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ያረፋችሁት ቫቲካን አካባቢ ከሆነ ግን ከሳን ፒየትሮ ጣቢያ ተሳፈሩ፣ ትገላገላላችሁ። የወረቀት ትኬት ከቆረጣችሁ ሳትሳፈሩ ማሽኑ ላይ አስመቱት፣ ቅጣት አለው።

ስትደርሱ መርከቡ ጣቢያው በር ላይ አይጠብቃችሁም! በአውቶቡስ ላርጎ ዴላ ፓቼ ወደሚባለው የወደቡ አውቶቡሶች መነሻ ሂዱ፤ ከዚያ የወደቡ አውቶቡስ መርከቡ ድረስ ይወስዳችኋል።

አራት ሻንጣ ለሁለት ሰው ግን አልበዛም? የጣቢያው ደረጃ ላይ ታስታውሺኛለሽ።