ድመታችን ከሞተች ወዲህ ከባለቤቴ ጋር መነጋገር አቃተን

ጥያቄ፦ (ደብዳቤውን አሳጥረነዋል)

«የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ ለጋብቻችን በዓል ትልቅ እቅፍ አበባ ይዞልኝ መጣ፤ ነጭ ሊሊ ነበረበት። የዚያን ዕለት ማታ ድመታችንን ሽሮን አስመለሳት (ስሙን ያወጣችላት ልጄ ናት፣ ቀለሟን አይታ)። የላሰችው ጸጉር ነው ብለን ተኛን። በማግስቱ አልጋ ሥር ተደብቃ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ዘንድ ስንወስዳት ኩላሊቷ ሥራ አቁሟል፣ ሽንትም የለም አሉን። ቤት ውስጥ ሊሊ አለ ወይ ብለው ሲጠይቁን ነው የገባን። እንዳትሠቃይ በመርፌ ሕይወቷ ይለፍ ተባለ፤ ፈረምኩ። ባለቤቴን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። እሱ ‹ድመት ናት፣ በቃ፤ ሌላ አመጣለሁ› ይላል። ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ደግሞ ‹ለድመት ይለቀሳል እንዴ? እግዜርን አታስቀይሚ› ትለኛለች። የ7 ዓመት ልጄን ‹ሐኪሙ አስተኛት› ብለናት ነበር፤ አሁን ማታ ብቻዬን አልተኛም ትላለች። የሽሮ ሣህን እስከ ዛሬ ከወጥ ቤቱ ጥግ አልተነሳም። እኔ ነኝ ያበድኩት?»

መልስ፦

አላበድሽም፣ እህቴ። ጠባችሁ የተቋጠረው በእነዚያ ሦስት ቀናት ላይ ስለሆነ ግን መጀመሪያ እነሱን እንያቸው።

ሊሊ ለድመት መርዝ ነው። ቅጠሉም፣ ግንዱም፣ አበባውም፣ የቆመበት ውሃ እንኳ። የግድ ማኘክ አይኖርባትም፤ በአጠገቡ ስታልፍ ጸጉሯ ላይ የረገፈውን ብናኝ ራሷን ስትልስ ብትውጠው ይበቃል። መጀመሪያ ያስመልሳታል፤ አንዳንዴ መለስ ያለላት ትመስላለች፤ ኩላሊቷ ግን ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይዳከማል። በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጥቷት የመትረፍ ዕድሏ ጥሩ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 18 ሰዓታት ውስጥ ከተደረሰላት ነው። ሽንት ከቆመ በኋላ ተስፋው በጣም የመነመነ ነው። ውሻን ይህ አበባ እንዲህ ኩላሊቱን አይጎዳውም፤ ስለዚህ ዕድሜ ልኩን እንስሳ ያሳደገ ሰው እንኳ ሳያውቀው ይኖራል። (ድመት ያላችሁ አንባቢዎች፣ ከፋሲካ በፊት የአሜሪካ ሱቅ ሁሉ በሊሊ እንደሚሞላ አትርሱ።)

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እዚህ ባሳጠርነው ክፍል ስለ አበባው ብዙ ብለሻል፦ ከየት እንደገዛው፣ ስንት እንዳወጣ፣ ለምን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጠው። ስለ ወረቀቱ ያለሽው ግን አንድ ቃል ነው፤ «ፈረምኩ»። ወዲያው ወደ ባልሽ ዞረሻል።

ግምቴን ልንገርሽ፤ ከተሳሳትኩ ጣዪው። ቁጣሽ የእውነት ነው። ግን ሌላም ነገር እየሸፈነልሽ ይመስለኛል። ጥፋቱ የእሱ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ያ ወረቀት አይነሳም፣ አንቺም ከራስሽ ጋር አትፋጠጪም። እሱም «ድመት ናት፣ በቃ» ሲል የሚሸሸው ነገር ይኖረው ይሆናል፤ ሽሮ ተራ ድመት ከሆነች ያደረሰባት ነገርም ትንሽ ይሆንለታላ። ሳላነጋግረው ልቡን አውቃለሁ አልልም። ያልተሰማው ሰው ግን ሌላ አመጣለሁ ለማለት አይቸኩልም።

ባሩክ ፊሾፍ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጥናት፣ እንግሊዞች ከኔፓል ጉርካዎች ጋር ያደረጉትን የ1814 ጦርነት ታሪክ ለሰዎች አስነበበ። ለአንዳንዶቹ ፍጻሜውን ነገራቸው፣ ለሌሎቹ አልነገራቸውም። ፍጻሜውን የሰሙት «ይህማ ገና ከመነሻው ያስታውቅ ነበር» ወደ ማለቱ አዘነበሉ። እናንተም ዛሬ ያንን ማታ የምታዩት መጨረሻውን ይዛችሁ ነው። ማታውኑ የነበረው ግን አንዴ ያስመለሳት ድመት ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ድመት ባለበት ቤት ሁሉ ያለ ነገር ነው። ፊርማውም እንደዚያው። ወረቀቱ ሲቀርብልሽ ሕይወቷ ከእጅሽ ወጥቷል፤ የተጠየቅሽው ስንት ሰዓት ትሠቃይ ነው።

እንግዲህ ልጅቷና እናትሽ ከተኙ በኋላ ሁለታችሁ ተቀመጡ። ሦስቱን ቀናት ከአበባው መምጣት ጀምራችሁ በቅደም ተከተል ተናገሩ፤ እያንዳንዳችሁ ያያችሁትን፣ ያደረጋችሁትን፣ በዚያች ሰዓት ያሰባችሁትን ብቻ። «ባታመጣው ኖሮ»፣ «ቶሎ ብንወስዳት ኖሮ» አይነሳ። አንቺ ጀምሪ፣ ያውም ከፊርማው፦ «እኔ ፈርሜያለሁ፤ እሱ ያንገበግበኛል።» እስከ ዛሬ ይህን ከአፍሽ ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። «ይቅር ብዬሃለሁ» ግን አትበይው። ይቅርታ በደል ሲኖር ነው፤ ለሚስቱ አበባ ይዞ የመጣ ሰው ምን በደለ? መሐል ላይ ተነስቶ ቢወጣ አትከተይው። አንዳንድ ወንድ ቁጭ ብሎ ማውራት ይጨንቀዋል፣ እጁ ሥራ ሲይዝ ግን ይናገራል፤ ሌላ ቀን ሣህኗን አብረን እናንሳ በይው።

የልጅሽ ነገር ለነገ የሚባል አይደለም። «አስተኛት» የተባለች ድመት ስላልተመለሰች፣ ልጅቷ መተኛት ብትፈራ አይገርምም። ሁለታችሁም ባላችሁበት በግልጽ ንገሯት፦ «ሽሮ ሞታለች። ኩላሊቷ ታመመ፣ ሐኪሙ ሊያድናት አልቻለም፣ ሕመሟ እንዲቆም መድኃኒት ሰጣትና ሞተች። እንቅልፍ ሌላ ነው፤ አንቺ ተኝተሽ ትነቂያለሽ።» የአበባውንም ነገር አሁኑኑ ከእናንተ ትስማው፤ መርዝ መሆኑን ማናችንም አናውቅም ነበር በሏት። ስትጣሉ በግድግዳ በኩል ከምትሰማው ይሻላል።

እናትሽን ለማሳመን አትድከሚ። እሷ በምታውቀው አገር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እድር ይጠራል፣ ሠልስትና አርባ አለ፤ ድመት ደግሞ አይጥ ትይዛለች። ኬኔዝ ዶካ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ለቀስተኛ ስለሌለው እንዲህ ያለ ሀዘን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጽፏል፤ እናትሽ ግን ይህን እንድታውቅ አይጠበቅባትም። «እማዬ፣ ከሰው ጋር አላስተካከልኳትም፤ ልጅቷ ፊት ብቻ እንዲህ አትበይብኝ» ካልሻት ይበቃል።

እንቅልፍና ምግብ አልመለስ ካለሽ፣ ወይም ሥራ ላይ መዋል ካቃተሽ፣ በአካል ባለሙያ እዪ። እንደ ኮርኔል ያሉ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጆችም እንስሳ ለሞተበት ሰው የሚያዳምጡ ሰዎች ያሉበት የስልክ መስመር አላቸው።

ሌላ ድመት ላምጣ ላለው፣ ለአሁኑ ይቆይ በይው። ዛሬ ብቻውን ይዟት ቢመጣ የካሳ ድመት ትሆናለች፤ ባየሻት ቁጥር አበባው ይታወስሻል፣ እሱም ከፊትሽ ላይ ያነበዋል። ልጅቷ ራሷ ስትጠይቅና ሁለታችሁም እሺ ስትሉ፣ ሦስታችሁም ሼልተር (ባለቤት የሌላቸው እንስሳት ማቆያ) ሄዳችሁ አብራችሁ ምረጡ።