መያዣው ይንሸራተታል፣ ሲጠብቅ ደግሞ አንጀቱን ይቀድዳል

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከጅማ ነው፤ የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ለላፓሮስኮፒ (በሆድ ላይ በሚከፈቱ ጠባብ ቀዳዳዎች ለሚሠራ ቀዶ ሕክምና) የሚሆን ባለ 5 ሚሊ ሜትር የአንጀት መያዣ ሠርቻለሁ። በበግ አንጀት ስሞክረው ይንሸራተታል። ጥርሱን ሳጠልቀው ደግሞ አንጀቱን ይቀድዳል፤ የሚቀደደውም ሁልጊዜ ከመንጋጋው ሥር በኩል ነው። ምን ላስተካክል?

መልስ፦ ጥርሱን ማጥለቅዎን ያቁሙ። አንጀት የሚያዝበት ኃይል በሰፊ ገጽ ላይ እኩል መከፋፈል አለበት፤ የእርስዎ መንጋጋ ግን በጥቂት ነጥቦች ላይ ብቻ ይጫናል።

ሒሳቡን እንይ። አንጀቱን በ3 ኒውተን መሳብ ይፈልጋሉ እንበል፤ 300 ግራም ገደማ ማለት ነው። ቲሹው በሁለት ገጽ ስለሚያዝ፣ የሰበቃው መለኪያ ቁጥር (ገጹ ምን ያህል እንደማያንሸራትት የሚያሳየው) 0.3 ከሆነ 5 ኒውተን መጭመቅ ይበቃል። ገጹ ልሙጥ ሆኖ ሰበቃው ወደ 0.1 ከወረደ 15 ኒውተን ይጠይቃል፤ መንሸራተቱ ከዚህ ይመጣል። መንጋጋው 30 ሚሜ በ4 ሚሜ ሆኖ መሐሉ ላይ 22 በ1.6 ሚሜ መስኮት ቢኖረው፣ 5 ኒውተኑ በ85 ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል፤ ግፊቱም 59 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። የሾሉ ጥርሶች ከዚያ ስፋት አንድ አሥረኛውን ብቻ ሲነኩ ግፊቱ አሥር እጥፍ ያድጋል። ጥልቅ ጥርስ ተቆርጦ ለሚወጣ የሐሞት ከረጢት ይሆናል። አንጀት ግን ሆድ ውስጥ ይቀራል፤ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ያልታየ ጉዳት ከቀናት በኋላ ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ነገር መቻቻል የለም።

አሁን ወደ መንጋጋው ሥር። መንጋጋ የሚዘጋው እንደ መቀስ ነው፤ ወደ ማጠፊያ ፒኑ በቀረቡ ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል። ሥሩ ከፒኑ 5 ሚሜ፣ ጫፉ 35 ሚሜ ቢርቅ፣ ጫፉ ላይ 2 ሚሜ ክፍተት ሲኖር ሥሩ ላይ የሚቀረው 0.3 ሚሜ አይሞላም። አንጀቱ እዚያ ይደቅቃል፤ ጫፉ ጋ ግን ገና በቅጡ አልተያዘም። መፍትሔው ጫፎቹ ሲነካኩ ሥሩ ላይ 1 ሚሜ ክፍተት እንዲቀር ማድረግ ነው። ከእያንዳንዱ መንጋጋ ሥር 0.5 ሚሜ ያንሱ፤ ወደ ጫፉ ሲሄድ ቀስ በቀስ ዜሮ ይሁን። ያን ጊዜ 1.2 ሚሜ ድረስ በተጨመቀ አንጀት ላይ ሁለቱ ገጾች ትይዩ ይሆናሉ። ወፍራም ቲሹ ከሆነ ክፍተቱን ያሳድጉ፤ የተጨመቀውን ውፍረት በ0.86 ማባዛት ለዚህ ልኬት ይሠራል።

ገጹን ልሙጥ አይተዉት። 0.3 ሚሜ ከፍታ ያለው፣ በየ1 ሚሜው የሚደጋገም፣ አናቱ የተሞለሞለ ሞገድ ይስጡት። የአንዱ ሞገድ በሌላው ጉድጓድ ውስጥ አጥብቆ ከገባ ቲሹውን ይሸርፈዋል፤ በመካከላቸው ክፍተት ይኑር። መስኮቱን አይድፈኑት፤ አንጀቱ ወደ ውስጡ ትንሽ ሲያብጥ መንሸራተትን ይከለክላል። የውጭውን ጠርዝ በ0.5፣ የመስኮቱን በ0.3 ሚሜ ያዙሩት፤ በ400፣ በ800፣ ከዚያ በ1200 የብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። የናይለን ካልሲ አሳልፈውበት ክር ከመዘዘ አልጨረሱም።

ራቼቱ (እጀታው ላይ ያለው፣ መንጋጋውን እንደተዘጋ የሚይዘው ባለ ጥርስ መቆለፊያ) ሌላው ጣጣ ነው። የሚቆልፈው ቦታን እንጂ ኃይልን አይደለም፤ አንጀቱ በወፈረ ቁጥር ያንኑ ጥርስ ሲነክስ የሚጭነው ይበዛል። አንድ መንጋጋ ብቻ የሚንቀሳቀስበት ንድፍ ካለዎት፣ ገፊው ፒን ከማጠፊያው 1.5 ሚሜ ቢርቅ፣ የመንጋጋው መሐል ደግሞ 20 ሚሜ ቢርቅ፣ 5 ኒውተን ለማግኘት ዘንጉ በ67 ኒውተን መሳብ አለበት። እጀታው ውስጥ በዘንጉ ላይ ቀድሞ ወደ 65 ኒውተን የተጨመቀ ሞላ (ስፕሪንግ) ያስገቡ፤ ለስላሳ፣ በሚሊ ሜትር 5 ኒውተን ገደማ የሚጨምር ይሁን። እጁ ከዚያ በላይ 3 ሚሜ ቢጨምቅ እንኳ መንጋጋው ላይ የሚደርሰው ጭማሪ 1.1 ኒውተን ብቻ ነው። ፒኖቹ በሰበቃ የሚበሉት ስላለ የሒሳቡን አኃዝ ብቻ አይመኑ። መሣሪያውን ከጠረጴዛ ጋር አስረው፣ መንጋጋውን ዘግተው፣ መሐሉ ላይ በክር ጠርሙስ አንጠልጥለው ውኃ ይጨምሩበት። መንጋጋው መከፈት የጀመረበት ክብደት እውነተኛው የመያዣ ኃይልዎ ነው፤ ግማሽ ሊትር ውኃ 4.9 ኒውተን ነው፣ የጠርሙሱን ክብደት ይደምሩ።

አንጀቱን ከቄራ በዚያው ቀን ያምጡ። የቀዘቀዘና በረዶ የሆነ አንጀት ሴሎቹ ስለሚፈነዱ ውጤቱን ያሳስታል። በሊትር 9 ግራም ጨው ባለው ውኃ አርጥበው በ37 ዲግሪ ያቆዩት። በ3 ኒውተን ለ1 ደቂቃ፣ ከዚያ ለ5 ደቂቃ ይሳቡት፤ ሲለቁት በአጉሊ መነጽር ያዩት። ከዚያ ሁለቱን ጫፍ አስረው ቀለም ያለው ውኃ ሞልተው ይጫኑት፤ ዓይን ያላየውን ቀዳዳ ውኃው ያሳየዎታል። የበግ አንጀት ከሰው ይሳሳል፤ እዚያ ያለፈ ንድፍ ጥሩ ምልክት ነው፣ ነገር ግን ለሰው ለመጠቀም ፈቃድ አይሆንም። ያ የሥነ ምግባር ኮሚቴና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጉዳይ ነው።

ስለ ማምከንም አንድ ነገር። በ3ዲ ማተሚያ የወጣ የፒኤልኤ (የፕላስቲክ ዓይነት) እጀታ በ60 ዲግሪ አካባቢ መልፈስፈስ ስለሚጀምር ኦቶክሌቭን (በግፊት እንፋሎት የሚያመክነውን መሣሪያ) አይችልም። ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል 1,750 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ የአየሩ ግፊት 82 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። 121 ዲግሪ ለመድረስ እንፋሎቱ በድምሩ 205 ኪሎ ፓስካል መሆን አለበት፤ የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ በባሕር ወለል እንደሚያሳየው 104 ሳይሆን 123 ያህል ማሳየት ይኖርበታል። የግፊት መለኪያውን ብቻ አይተው ጊዜ አይቁጠሩ፤ ቴርሞሜትሩ 121 ሲል ይጀምሩ።