ማታ አምፖል ሥር የተያዘው ክንፋም፦ መድኃኒት ከመግዛትሽ በፊት አንቴናውን እዪ

እህቴ፣ ባሕር ዳር ጣና ዳር ካለው ቤትሽ በረንዳ ላይ ማታ ስለያዝሽው ቡናማ ክንፋም «ምስጥ ነው ወይስ ተርብ? ቤቴን ይበላዋል?» ብለሻል። 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ጸጉራም፣ ሆዱ ረጅምና ድብልብል ከሆነ የገብረ ጉንዳን ወንድ ነው። ግን በእኔ ቃል ብቻ አትመኚ፣ ራስሽ አረጋግጪ።

1. አንቴና። የጉንዳን ከመጀመሪያው ረጅም አንጓ በኋላ ይታጠፋል። የምስጥ ቀጥ ያለና እንደ ተሰካካ ዶቃ ነው።

2. ክንፍ። የጉንዳን የፊቱ ከኋላው ይረዝማል። የምስጥ አራቱም እኩል ናቸው፣ ሲነኩት ይረግፋሉ።

3. ወገብ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ጉንዳን ወገቡ ቀጭን ነው» የሚለውን ይዞ ይመጣና፣ ይሄኛው ወፍራም ሆኖ ሲያገኘው ምስጥ ነው ብሎ ይደመድማል። በጎኑ አስተኝተሽ መብራት ላይ እዪው፦ በደረቱና በሆዱ መካከል ከፊትም ከኋላም ጎድጎድ ብሎ የተለየች አንዲት አንጓ አለች። ምስጥ ግን ደረቱና ሆዱ ሳይቋረጥ ይያያዛል። የገብረ ጉንዳኑን ወንድ ጭንቅላትም እዪ፤ ሁለት ፈጣጣ ዓይን፣ ግንባሩ ላይ ሦስት ጥቃቅን ዓይኖች፣ ቆልማማ መንጋጋ። የገብረ ጉንዳን ሠራተኞች ዓይን የላቸውም፣ ንግሥቲቱም ክንፍ አታወጣም፤ ስለዚህ ከወንዱ ጋር ዘመድነታቸውን የሚያምን ጥቂት ነው። ወንዱ መንደፊያ የለውም፣ እንጨት አይበላም፣ ቤት ውስጥም አይራባም። ነፍሳቱን እንኳ ሳያይ «ምስጥ ነው፣ ቶሎ አስረጪ» ብሎ መርዝ የሚሸጥ ሰው በጣም ያናድደኛል፤ ልጆች ባሉበት ቤት በከንቱ መርዝ ማስረጨት ነው።

ብርቱካንማ፣ ሸንቃጣ፣ አንቴናው እንደ ክር ረጅምና ያልታጠፈ ከሆነ ግን ተርብ ነው፤ በእጅሽ አትያዢው።

ለባለሙያ ማሳየት ከፈለግሽ በብልቃጥ አድርገሽ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪው። ከዚያ በወረንጦ እግሩን ይዘሽ (ክንፉን አትንኪ) ከፋርማሲ በተገዛ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ክተቺው። አረቄ አይሆንም፣ ጥንካሬው አይበቃውምና ይበሰብሳል። ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን በእርሳስ ጽፈሽ ወረቀቱን ብልቃጡ ውስጥ ጨምሪው፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ፎቶ ሦስት፦ ከጎን፣ ፊቱን ከፊት ለፊት፣ ከላይ ደግሞ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገሽ።

ክረምት መግቢያ ላይ የሚፈላው አሸን (ክንፍ ያወጣው ምስጥ) ከውጭ ወደ አምፖሉ ከመጣ አትስጊ። ከግድግዳሽ ወይም ከወለልሽ ስንጥቅ ከወጣ፣ አለዚያም በመሠረቱና በበር መቃኑ ላይ የጭቃ መተላለፊያ ካየሽ፣ ያኔ ነው ምስጥ የሚያውቅ ሰው መጥራት ያለብሽ።