አሳይመንቱን ሌላ ሰው ይሠራልሻል ተብያለሁ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ካሸር ነኝ። በ2009 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፌ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ነበር። እናቴ ስለታመመች ሳልሄድ ቀረሁ። አሁን አካውንቲንግ መማር እፈልጋለሁ። የማታ እንዳልማር፣ ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን በልማት ተነስቶ ገላን ጉራ ገብተናል፤ ከሥራ ወጥቼ ቤት እስክደርስ ይመሻል። አንዲት ልጅ “በርቀት ተመዝገቢ፤ አሳይመንቱንም የሚሠራልሽ ሰው አለ” አለችኝ። ይሻለኛል? በርቀት የተማረስ ይቀጠራል ወይ? (ት. ነኝ)

መልስ፦ እህቴ ት.፣ ልጅቷ አልዋሸችሽም። የሚሠራ ሰው ሞልቷል። ስድስት ኪሎ አካባቢ ምሰሶው ሁሉ “አሳይመንት፣ ፕሮፖዛል፣ ሪሰርች እንሠራለን” የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ለርቀት ተማሪዎች ቱቶሪያል (የማጠናከሪያ ትምህርት) እሰጥ በነበረበት ጊዜ የነዚህን ሰዎች ሥራ አርሜያለሁ። አንድ ክምር ወረቀት ይመጣል። ትሪያል ባላንሱ፣ ማለትም ዴቢትና ክሬዲት እኩል መምጣት ያለባቸው የሒሳብ ማመሳከሪያ፣ አይገጥምም፤ ዴቢቱ ከክሬዲቱ በ450 ብር ይበልጣል። ቀጣዩን ስገልጥ እዚያም 450 ብር። ከዚያም ቀጥሎ 450 ብር። ስሙ ብቻ ይለያያል። ሠሪው ተሳስቶ ለሁሉም የሸጠው ያንኑ ስህተት ነው!

ድሮ በዚህ መንገድ የተመረቀ አለ፤ ምን ይደበቃል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ የምሰሶው ሰውዬ አብሮሽ አይገባም። አሳይመንት ሲያስሠራ ኖሮ እዚያ ሲደርስ ዓይኑ የሚፈጥ ስንት አለ። ገንዘቡን ከፍሏል፣ ዓመታቱን ቆጥሯል፣ ዲግሪው ግን የለም።

ስለዚህ በርቀት ተመዝገቢ፤ ሥራውን ግን ራስሽ ሥሪው። ላንቺ ኑሮ ከዚህ የሚሻል አላየሁም።

ከመክፈልሽ በፊት የእውቅና ፈቃዱን ጠይቂ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። እውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ የሚሰጠውም ለኮሌጁ በጅምላ ሳይሆን በየትምህርት ዘርፉና በየአሰጣጡ ነው። ኮሌጁ አካውንቲንግን በመደበኛ ለማስተማር ፈቃድ ስላለው በርቀትም አለው ማለት አይደለም። ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለውን አይተሽ እሺ አትበይ። “በርቀት” የሚል ቃል አለው? ጊዜው አላለፈም? ከዚያ ባለሥልጣኑ ዘንድ አረጋግጪ። የ12ኛ ክፍል ውጤትሽን ዋናውን ይዘሽ ሂጂ። “ርቀት ስለሆነ ነጥብ አይጠየቅም” የሚልሽ ካለ ጥለሽው ውጪ። እንግሊዝ አገር በ1969 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ለአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱ የቀደመ ውጤት ሳይጠይቅ ነው የሚቀበለው። የኛ አገር የርቀት ትምህርት እንደዚያ አይደለም፤ የመግቢያ መስፈርት አለው። መንግሥትም ጥራቱ አሳስቦት በ2002 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የርቀት ትምህርትን አግዶ ነበር፤ በኋላ በቅድመ ሁኔታ ለቀቀው።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀትሽ። ሞጁሉ (የርቀት መማሪያ መጽሐፉ) ወፍራም ነው፣ አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ብር ስትቆጥሪ ውለሻል። ተማሪዎቼ የሚወድቁት ሰነፍ ሆነው አይደለም፤ “እሑድ አነበዋለሁ” ብለው ነው። እሑድ ልብስ ይታጠባል፣ ለቅሶ ይደረሳል፣ እንግዳ ይመጣል። አውቶቡሱ ላይ ወንበር ካገኘሽ ቲዎሪ የሆነውን አንብቢ፤ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ፣ የመሳሰለውን። ሞጁሉን ሙሉውን አትሸከሚው፤ የሳምንቱን ምዕራፍ ፎቶ ኮፒ አድርገሽ ቦርሳሽ ውስጥ አጥፈሽ ያዢ። ሒሳቡን ግን አውቶቡስ ላይ አንብቤዋለሁ ብለሽ ራስሽን እንዳታታልዪ። አካውንቲንግ በእርሳስ እንጂ በዓይን አይገባም። ጥያቄውን ሠርተሽ፣ መልሱን ሸፍነሽ፣ እንደገና ሥሪው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ከሰዓት ደንበኛ የሚቀንስበት ሰዓት መቼም አይጠፋም። የዕለቱን ሽያጭ ስትዘጊም ጆርናል ኢንትሪ (የሒሳብ ምዝገባ) እየሠራሽ መሆኑን ልብ በዪ፤ ከብዙዎቹ የመደበኛ ተማሪዎች የምትቀድሚው እዚህ ላይ ነው።

የዕረፍት ቀንሽ ላይ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ግቢ። አይከፈልበትም። ኮምፒውተር ስታገኚ መለማመጃ ጥያቄ በማውዝ እየመረጥሽ ሥሪ። ፈተናው ቀን ከማውዝ ጋር መተዋወቅ ሰዓት ይበላል።

ቱቶሪያል አትቅሪ። ስትሄጂ ደግሞ ያልገባሽን ጽፈሽ ሂጂ። አብዛኛው ሰው የሚመጣው “የትኛው ምዕራፍ ይወጣል?” ሊለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያበሽቀኝ ነበር።

መቀጠሩን በተመለከተ፣ የርቀት ተማሪ ሲባል ከንፈሩን የሚያጣምም ቀጣሪ ዛሬም አለ። ግን የመውጫ ፈተናው ለመደበኛውም ለርቀቱም አንድ ስለሆነ ውጤትሽን ታሳዪዋለሽ። ማንዴላ በ1989 (እ.ኤ.አ.) የሕግ ዲግሪውን ያገኘው እስር ቤት ሆኖ ከደቡብ አፍሪካው ዩኒቨርሲቲ ከዩኒሳ በርቀት ተምሮ ነው። ዩኒሳ እኮ እኛም ዘንድ አቃቂ ላይ ማዕከል ከፍቷል።

ክፍያውን በየተርሙ ክፈዪ፤ የዓመቱን በአንዴ ብትይ ቅናሽ አለ ቢሉሽም። ደረሰኝ ሳትቀበዪ ብር አትስጪ። ልጅቷንም በአንድ ሰው ስንት ኮሚሽን እንደምታገኝ ጠይቂያት።