ላሜ ሲመሽ ግድግዳ ትገጫለች

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አራት ኪሎ አካባቢ ግቢዬ ውስጥ ሁለት ድቅል ላሞች አሉኝ። የምሰጣቸው ጭድ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ነው። ድርቆሹ የአምና ነው። አንዷ ሲመሽ በሩን ትስታለች፣ ግድግዳ ትገጫለች። ቀን ደህና ነች። በቅርብ የወለደችው ጥጃም ደካማ ነው። ጎረቤቴ «ዓይን ነው» አለችኝ። የሰው ቫይታሚን ብሰጣትስ?

መልስ፦ ዓይን መሆኑ እውነት ነው፤ የጎረቤትዎ ዓይን ግን አይደለም። የነገሩኝ ዳፍንት ይመስላል፤ መነሻው ብዙ ጊዜ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው።

ላም ቫይታሚን ሲን ራሷ ትሠራለች። የቢ ዓይነቶቹንም ሆዷ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ይሠሩላታል። ኤ የሚገኘው ግን ከለምለም መኖ ነው። ጭድ በዚህ በኩል ባዶ ነው። ድርቆሽም ሲከርም አረንጓዴነቱ ይጠፋል፣ ቫይታሚኑም አብሮት ይሄዳል። ፉርሽካና ፋጉሎ ወተት ይጨምሩልዎታል እንጂ ይህን ጉድለት አይሞሉም። ላሚቱ ጉበቷ ውስጥ ባጠራቀመችው ጥቂት ወራት ትቆያለች። ለዚህ ነው ችግሩ ሳይታወቅ ቆይቶ ድንገት ብቅ የሚለው።

የጥጃው ነገር ያሳስበኛል። ይህ ቫይታሚን በማህፀን ብዙም አያልፍም፤ ጥጃ የሚያገኘው ከእንገር ነው። እናቲቱ ከሌላት እንገሯም ይጎድለዋል። እንገሩን ለቤተሰብ አፍልቶ መብላት ደግሞ ልማዳችን ነው፤ ጣፋጭ መሆኑን አልክድም፣ ግን ቅድሚያ ለጥጃው። ጥጃው ቀንም የማያይ ከሆነ የዓይን ነርቩ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ አይመለስም። የእናቲቱ ዳፍንት ግን በጊዜ ከታከመ ብዙውን ጊዜ ይድናል።

የሰውን ኪኒን ይተዉት። የእንስሳት ሐኪም ይምጣና ላሚቱንም ጥጃውንም መዝኖ የቫይታሚን ኤ መርፌ ይውጋ፤ ቫይታሚን ኤ ሲበዛም ይጎዳል። እስከዚያው እርጥብ ሣር ወይም አልፋልፋ ይግዙላት። ከጉልት የጎመን ልቃሚና ካሮትም ይሆናል፤ ቀስ በቀስ ይጀምሩላት እንጂ በአንዴ አይከምሩባት፣ ሆዷ ይነፋል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ግቢው ውስጥ የተጣለ የመኪና ባትሪ ወይም የተላጠ አሮጌ ቀለም አለ? ከብት ይልሰዋል፤ የእርሳስ መርዝም ያሳውራል። ላሚቱ ቀንም ማየት ካቃታት፣ ጥርሷን ካፋጨች ወይም ከተንቀጠቀጠች ነገ አይበሉ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይጥሩ። እስኪጣራ ድረስም ወተቷን ማንም እንዳይጠጣ።