«እኔ ዋልስ አልደንስም» ላለ ልጅ

ስለ ቦልሩም ዳንስ ከአንባቢዎች የደረሱን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የምኖረው ቪየና ነው። ልጄ 17 ዓመቱ ሲሆን በጥር የማቱራ (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) ተማሪዎች የዳንስ ምሽት አለበት። ምሽቱን የሚከፍቱት ተማሪዎቹ ራሳቸው በዋልስ ስለሆነ ዳንስ ትምህርት ቤት አስመዘገብኩት። ሁለት ቀን ሄዶ «ራሴን ያዞረኛል፣ እግሬም አይታዘዝልኝም» ብሎ ቀረ። በግድ ልመልሰው ወይስ ልተወው? (እናት፣ ከቪየና)

መልስ፦ እህታችን፣ በግድ አይመልሱት። ልጅዎ የነገረዎት ሰበብ ሳይሆን እውነቱን ነው። የቪየና ዋልስ በደቂቃ 180 ምት ያህል ይሮጣል። በየምቱ አንድ እርምጃ አለ፣ በስድስት እርምጃ ደግሞ ጥንዶቹ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራሉ። በየሁለት ሰከንዱ አንድ ዙር ማለት ነው። የጀማሪ ራስ ቢዞር ምን ይገርማል?

ቤት ውስጥ በዝግታው ዋልስ ያስጀምሩት። እሱ በደቂቃ ከ84 እስከ 90 ምት ብቻ ነው። ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን እንደተሰመረ ያስብና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እየቆጠረ፣ በአንድ ላይ ግራ እግሩን ወደፊት ይራመድ፤ በሁለት ቀኙን ወደ ጎን፤ በሦስት ግራውን አምጥቶ ከቀኙ ያጋጥም። ከዚያ በአንድ ቀኙን ወደኋላ፣ በሁለት ግራውን ወደ ጎን፣ በሦስት ቀኙን ያጋጥም። እርስዎ ፊት ለፊቱ ቆመው በቀኝ እግርዎ ወደኋላ ይጀምሩ።

«እግሬ አይታዘዝልኝም» የሚለው ችግር ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሦስተኛው ምት ነው። እግሮቹ ይገጥማሉ፣ ክብደቱ ግን ወደ አዲሱ እግር ሳይዛወር ይቀራል። ከዚያ በሚቀጥለው አንድ ላይ የተሳሳተው እግር ይነሳና ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ሦስት ላይ ያስቁሙትና ቀጥሎ የሚራመድበትን እግር ከመሬት ያንሳ። ማንሳት ካቃተው ክብደቱ እዚያው ተቀምጧል ማለት ነው። ይህን ብቻ አሥር ደቂቃ ቢሠራ ከአንድ ሙሉ የክፍል ሰዓት ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ምቱን ለመስማት ደግሞ ከቤት የወጣ መሣሪያ አለው። በችክችካ ያደገ ጆሮ አንድ ትልቅ ምት በሦስት ትንንሽ ሲከፈል መስማት አይቸግረውም፤ የቪየና ዋልስም እንደዚያው ነው። ሙዚቃውን ከፍተው «ከ-በ-ሮ፣ ከ-በ-ሮ» እያለ ይራመድ፤ «ከ» ላይ ጠንከር ይበል። በቁጥር ከማስላት ይልቅ በዚህ መንገድ ምቱ ሰውነቱ ውስጥ ቶሎ ይገባል።

ወደ መዞሩ ሲሸጋገር ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። በቀኝ ዙር የመጀመሪያ እርምጃው ቀኝ እግሩ ሲሆን የሚያርፈውም አብራው በምትደንሰው ጓደኛው እግሮች መካከል ነው። ጀማሪዎች መርገጥን ስለሚፈሩ በጎን ዞረው ለማለፍ ይሞክራሉ፤ ያን ጊዜ ጥንዶቹ ይራራቁና መሪው በሦስት እርምጃ ግማሽ ዙር መሙላት ያቅተዋል። ሁለተኛው ዓይን ነው። እግሩን ካየ ወይም የሚሽከረከረውን ግድግዳ ከተከተለ ያዞረዋል። በጓደኛው ቀኝ ትከሻ በላይ አሻግሮ ይመልከት፤ ከአራት ዙር በኋላ ወደ መጀመሪያው የአራት ማዕዘን እርምጃ ተመልሶ ይረፍ። መክፈቻው በግራ ዙር የሚደነስ መሆን አለመሆኑንም ከወዲሁ ይጠይቁለት፤ ቪየና ውስጥ ይህ የተለመደ ነው፣ እርምጃውም ይለያል።

አንድ ምክር እንጨምር፦ በአዲስ ዓመት ዋዜማ እኩለ ሌሊት በሬዲዮ የምትሰሙትን የዮሐን ሽትራውስን «ሰማያዊው ዳኑብ» ለመለማመጃ አትምረጡት። እ.ኤ.አ. በ1867 የቀረበ ድንቅ ሥራ ነው። ሆኖም መግቢያው ረጅም ነው፣ ፍጥነቱም ይለዋወጣል፤ ጀማሪን ግራ ያጋባዋል።

ታሪኩንስ? ቁጭ አድርገው አይንገሩት። እጁን ከልጅቷ ጀርባ ላይ ማሳረፍ ሲያሳፍረው ያን ጊዜ ይንገሩት። ከዋልስ በፊት በቤተ መንግሥት የሚደነሰው ሚንዌት ነበር፤ ጥንዶቹ ቢነካኩ በእጅ ብቻ ነው። ከኦስትሪያና ከደቡብ ጀርመን ገጠሮች ጭፈራ የመጣው ዋልስ ግን ወንድና ሴትን አስተቃቀፈ። ከ1814 እስከ 1815 በተካሄደው የቪየና ጉባኤ የአውሮፓ መኳንንት ደነሱት። በ1816 ለንደን ውስጥ በንጉሣዊ ግብዣ ላይ ሲደነስ ደግሞ «ታይምስ» ጋዜጣ ነውር ነው ብሎ በቁጣ ጻፈበት። ዛሬ ወጣቶች የአሮጊቶች ጨዋታ የሚሉት ነገር በጊዜው ወላጆች ልጆቻቸውን የሚከለክሉት ነበር።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የወጣቶች ማዕከል 20 ታዳጊዎችን ቦልሩም ላስተምር አስቤአለሁ። እጅ ለእጅ ተያያዙ ስላቸው ይሳሳቃሉ፣ ወንዶቹ ወደ ግድግዳው ይሸሻሉ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከየትኛው ዳንስ ልጀምር? (ወንድም፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከቻቻቻ ይጀምሩ። ሳይያያዙ መደነስ ይቻላል፣ ፍጥነቱም (በደቂቃ ከ120 እስከ 128 ምት) ልጆቹ ስልካቸው ላይ ካላቸው ብዙ ዘፈኖች ጋር ይሄዳል።

በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ያቁሟቸው። «ሁለት» ሲባል ግራ እግር ወደፊት፣ «ሦስት» ሲባል ክብደት ወደ ቀኝ እግር መመለስ፣ ከዚያ «ቻ-ቻ-ቻ» ሲባል ግራ ወደ ጎን፣ ቀኝ መግጠም፣ ግራ ወደ ጎን። ቀጥሎ ቀኝ ወደኋላ፣ ወደ ግራ መመለስ፣ «ቻ-ቻ-ቻ» ወደ ቀኝ። ትይዩው ረድፍ ከሁለተኛው ግማሽ ይጀምራል። የሚበላሸው ሦስቱ ቻዎች ላይ ነው፤ ልጆች እርምጃውን ያሰፉና ምቱ ያመልጣቸዋል። የጎን እርምጃ ከትከሻ ስፋት አይብለጥ። ጨርሶ ለጠፋበት ልጅ ሙዚቃውን ይዝጉና እግሮቹ ወለሉን ሲነኩ የሚወጣውን ድምፅ ያሰሙት። የዳንሱም ስም የመጣው ከዚሁ ከእግር ድምፅ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሃቫናው ቫዮሊን ተጫዋች ኤንሪኬ ሆሪን ደናሾች የተወሳሰበው ምት ሲያስቸግራቸው አይቶ ሙዚቃውን ቀለል አደረገው፤ ቻቻቻ የተወለደውም ከዚያ ነው።

ስለ ማፈሩ፦ ልጆቹን የሚያሳፍራቸው ከመነካካቱ ይልቅ መምረጥና መመረጥ ነው። ስለዚህ ማንም ጓደኛ አይምረጥ። በየሁለት ደቂቃው አንዱ ረድፍ አንድ ሰው ወደ ቀኝ ይሸጋገር። መሪና ተከታይ በቁጥር ይለዩ፣ ወንድና ሴት ተብለው አይለዩ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሚናው ይቀያየር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መዳፍ ለመዳፍ ብቻ ይነካኩ። ሙሉው አያያዝ፣ ማለትም የመሪው ቀኝ እጅ ከተከታዩ ግራ ትከሻ ሥር ጀርባ ላይ የሚያርፍበት፣ ሳቁ ሲበርድ ይምጣ። የልጆቹን አያቶችም ይጋብዙ፤ በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ቻቻቻ የደነሱ ዛሬም አሉ።

ሲሚንቶውን ግን አይናቁት። የላስቲክ ሶል እግርን ሻካራ ወለል ላይ ይይዘዋል፤ ሰውነት ሲዞር እግር ከቆመ የሚጣመመው ጉልበት ነው። የቆዳ ሶል ከሌለ አሮጌ ካልሲ ከስኒከሩ ላይ መደረብ ይቻላል፤ በልሙጥ ሴራሚክ ላይ ግን ያንሸራትታል፣ እዚያ አይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ «ይሄ የሀብታም ነጮች ዳንስ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» ትለኛለች። ምን ልበላት? (አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ግማሹን ልክ ነሽ ይበሏት፣ ልክ ነችና። ዛሬ በውድድር የምናየው ሥርዓት በአብዛኛው የተቀረፀው ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በተሰባሰቡ የዳንስ መምህራን እጅ ነው፤ በዚያ ዘመን ብዙ የአሜሪካ ዳንስ ቤቶች ደግሞ ጥቁሮችን አያስገቡም ነበር። የዳንሶቹ ምንጭ ግን ሌላ ቦታ ነው። ታንጎ የበቀለው በቦነስ አይረስና በሞንቴቪዴዮ ሠፈሮች፣ ከአፍሪካ ዝርያዎች፣ ከአውሮፓ ስደተኞችና ከአገሬው ሰዎች ጭፈራ ነው። ሩምባና ቻቻቻ ከኩባ፣ ሳምባ ከብራዚል ጥቁሮች መጡ። ፎክስትሮት በ1914 ገደማ ሲስፋፋ ታዋቂዎቹን ደናሾች ቨርነንና አይሪን ካስልን በሙዚቃ ያጀባቸው ጥቁሩ የባንድ መሪ ጄምስ ሪስ ዩሮፕ ነበር። በ1926 በኒው ዮርክ ሃርለም ሠፈር ውስጥ የተከፈተው ሳቮይ ቦልሩም ጥቁርና ነጭን በአንድ ወለል ላይ አስደነሰ፤ እዚያ ከገነነው ሊንዲ ሆፕ ከተባለው ዳንስ በኋላ ጃይቭ የተባለው ዳንስ ወጣ።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይዘርግፉባት። ከጃይቭ ይጀምሩ፣ ለዕድሜዋ የሚስማማው ፈጣኑ ነው። የሳቮይን የቆዩ ፊልሞች ኢንተርኔት ላይ አብራችሁ እዩ፤ ከዚያ የዛሬ ውድድር ጃይቭ ያሳዩዋትና ምን እንደቀረ፣ ምን እንደተጨመረ እሷ ትንገርዎት። ጉልበቷን ላላ አድርጋ መሬቱን ወደ ታች እንድትጫን ይንገሯት፤ ወደ ላይ የሚዘል ጀማሪ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ትንፋሹ ያልቃል።